ሳሙኤል ጎባትና የጎንደር ዝምታ

ስለ ሚሲዮናውያን በተነሣ ቁጥር በመካከላችን የሚሰማው መልስ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ወገን «የቅኝ ገዢ መንገድ ጠራጊዎች ናቸው» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው «ትምህርት ቤት ከፍተዋል፣ መድኃኒት አምጥተዋል» ይልና እሱም በፊናው ይዘጋዋል። ሁለቱን ወገኖች የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሚሲዮናውያኑ የጻፉትን አለማንበባቸው ነው። ይህን የምንለው ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሁለቱ ባንዱ ውስጥ ነበርን።

ይህን ጽሑፍ ያስነሣው በ1834 ለንደን ላይ የታተመ መጽሐፍ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ሳሙኤል ጎባት ይባላል። መጽሐፉ ጎባት በኢትዮጵያ ያሳለፋቸውን ሦስት ዓመታት የሚተርክ የዕለት ማስታወሻ ነው። ጎባት ኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆኖ ለ33 ዓመት ተቀምጧል። በኛ የታሪክ ትምህርት ግን ስሙ የሚነሣው ባንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለአፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎችን የላከ ሰውዬ ተብሎ። መጽሐፉን ሦስት ሆነን ተራ በተራ አነበብነው፣ ተከራከርንበት፣ አሁንም በሁሉም ነገር አልተስማማንም። የተስማማንበትን እናቀርባለን፤ ያልተስማማንበትንም አንደብቅም። ጎባትን «አንቱ» ሳንል የምንጽፈው ጳጳስነቱን ንቀን አይደለም፤ እዚህ ፊታችን የቆመው ደራሲው ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ሰውየው ማን ነው? በ1799 በስዊዘርላንድ፣ ክሬሚን በምትባል የዩራ ተራራ መንደር ተወለደ። አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነው። ባዝል በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በፓሪስና በለንደን ዐረብኛና ግዕዝ ቀማመሰ። ከዚያም ሲ ኤም ኤስ ተብሎ በሚታወቀው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ሥር ሆኖ ወደ ግብፅ ወረደ። ስዊሱ በእንግሊዝ ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ነገሩ ቀላል ነው፤ በዚያን ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚፈቅድ እንግሊዛዊ ስለማይገኝ ማኅበሩ ጀርመኖችንና ስዊሶችን እየቀጠረ ይልክ ነበር።

ይህ ማኅበር በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ኢቫንጀሊካል» የሚባለው ወገን ነው። ይህ ወገን ከክህነት ማዕርግና ከሥርዓተ ቅዳሴ ይልቅ የመጽሐፍ ቅዱስን ንባብ፣ ስብከትንና የእያንዳንዱን ሰው የግል ንስሐ ያስቀድማል። ወደ ጎንደር ስንደርስ ነገሩ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይህችን በልቡ ይያዝልን።

ጎባት በ1830 መባቻ ላይ ወደ አገራችን ሲገባ አብረውት የነበሩት ክርስቲያን ኩግለር የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊና አይኪንገር የሚባል አናጢ ናቸው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ትግራይን የያዙት ደጃዝማች ሰባጋድስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእንግሊዝ ንጉሥ መልእክት የላኩ፣ ከኤውሮጳ ጋር ወዳጅነት የሚሹ ሰው ነበሩና እንግዶቹን በደስታ ተቀበሏቸው። ኩግለር ትግራይ ቀረ፤ ጎባት ወደ ጎንደር ዘለቀ። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት አለ ይባላል እንጂ ሥልጣኑ ከደብረ ታቦር፣ ከየጁዎቹ እጅ ነበር። አቡን የለም፤ ቀጣዩ ጳጳስ አቡነ ሰላማ የመጡት ገና በ1841 ነው። ስለዚህ በካህናቱ መካከል ትልቁ ሰው እጨጌ ፊልጶስ ነበሩ፤ እሳቸውና ጎባት ተዋደዱ።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። የጉዞ መጽሐፍ ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ያዝናል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ያሳተማቸው አምስት ጥራዞች ተራራው፣ ጦርነቱና ቤተ መንግሥቱ፣ ከሁሉም በላይ ራሱ ብሩስ የሚታይባቸው ናቸው። ጎባት እንዲህ አይደለም። መልክዓ ምድር ብዙም አይታየውም፤ ምግቡንም ቤቱንም እንደነገሩ ያልፈዋል። እሱ የሚጽፈው ወሬ ነው፤ ማለታችን ጭውውት። ዛሬ ቄስ እገሌ መጣ፣ ይህን ጠየቀኝ፣ ይህን መለስኩለት፤ ማታ ሁለት ደብተራዎች መጡ፣ ስለ ጾም ተነጋገርን። ነገ ደግሞ ስለ እመቤታችን አማላጅነት፣ ከነገ ወዲያ ስለ ቅዱሳን። ገጽ በገጽ እንዲህ ይሄዳል። ከመካከላችን አንዱ በሃምሳኛው ገጽ ላይ ሰልችቶት መጽሐፉን ለሌላው አሳልፎ ነበር። ኋላ ተመልሶ ከሁላችንም አብልጦ የወደደው እሱ ሆነ።

ምን አገኘበት? የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን ንጉሡ የት እንደ ዘመተ፣ ማንን እንደ ሾመ፣ ማንን እንደ ሻረ ይነግሩናል። ከቤተ ክርስቲያን ጥግ የተቀመጠ ደብተራ በማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከእንግዳ ጋር ምን ተባባለ ብለን ብንጠይቃቸው መልስ የላቸውም። ለነሱ ይህ ለመጻፍ የሚበቃ ነገር አይደለም። ለጎባት ግን ከዚህ ሌላ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ የተላከው ለዚሁ ነውና። የ1830 ጎንደሬ ባማርኛ ሲጠይቅ፣ ሲጠራጠር፣ ሲቀልድ ለመስማት ስንፈልግ የምንንኳኳው የባዕድ ሰው መዝጊያ ሆነ። ይህ ያስቆጫል፤ ቢያስቆጭም እውነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጎባት በሻንጣው ይዞ የገባው የአማርኛ ወንጌል ነው። የትርጉሙ ባለቤት ጎጃሜው አቡ ሩሚ ነው፤ ካይሮ ላይ ለፈረንሳዩ ባለሥልጣን ለአስሊን ደ ሸርቪል እየሠራ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወዳማርኛ መለሰ። አራቱ ወንጌላት በ1824 ለንደን ላይ ታተሙ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ወጣ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ማለት ግዕዝ፣ አማርኛ ማለት ደግሞ የአፍ ነገር ነው። እንግዲህ ይህ ስዊሳዊ ለጎንደር ካህናት የሚያድለው ከሃይማኖቱ ክርክር ባሻገር በኅትመት ላይ የዋለ የአማርኛ ስድ ንባብ ነበር ማለት ነው። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በክፍል ስንማር ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እየተነሣን የምንሮጥ ሁሉ አቡ ሩሚን አልፈነው እንደምንሮጥ ልብ ልንል ይገባል። ግን ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።

ጎባት ከሌሎቹ ሚሲዮናውያን የሚለየው በአነጋገሩ ነው። ዶናልድ ክራሚ በ1972 ባሳተመው የሚሲዮኖች ታሪክ ላይ እንደሚታየው ሰውየው ለመስማት የታደለ ነበር። ገብቶ «ጾማችሁ ከንቱ ነው፣ ሥዕላችሁ ጣዖት ነው» አይልም። ጥያቄ ይጠይቃል፤ መጽሐፉን ይገልጣል፤ «እዚህ ምን ይላል?» ይላል። የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ ወገኖች በሚፋጁበት በዚያ ዘመን «አንተስ ከየትኛው ነህ?» ሲሉት ከየትኛውም አይደለሁም፣ መጽሐፍ የሚለውን ነው የምለው ብሎ ያመልጣል። እዚህ ድረስ ሦስታችንም አድንቀነዋል።

ችግሩ የመጣው ትርጉም ስንጀምር ነው። ሦስት ገጽ ጭውውት መርጠን ወዳማርኛ እንመልስ አልን። እንመልስ ያልነው አውቀን ነው፤ ቃሉ በመጀመሪያ የተነገረው ባማርኛ ነውና። ቀላል መስሎን ነበር። ስንጨርስ አንድ ከቅኔ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ጓደኛችንን አስነበብነው። አነበበና ሣቀ። «ይሄማ ደብተራ አይደለም፤ ቄስ ጎባት ጥምጥም አድርጎ ነው» አለን።

እውነቱን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጎባት ረጅም ይናገራል፤ እንግዳው አጭር ይጠይቃል። ጎባት ይመልሳል፤ እንግዳው ወይ «ልክ ነህ» ይላል፣ ወይ ዝም ይላል። ጭውውቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቅና ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል። አንባቢው እንግሊዛዊ፣ ገንዘቡን ለማኅበሩ ያዋጣው ምእመን፣ በዚያ ዝምታ ላይ ድል ያነባል፤ ሊቁ አፉ ተዘጋ፣ እውነት በራችለት! እኛ ግን ዝምታውን እናውቀዋለን። አያቶቻችን ዘንድ የተቀመጠ እንግዳ ሲሳሳት ፊት ለፊት አይነቀፍም። ሽማግሌ ዝም ያለው መልስ አጥቶ ነው ብሎ የሚያስብ ያገሩን ወግ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። «ይሁን»ም አለ፣ «እስቲ ይታያል»ም አለ፣ ዝምታም አለ፤ ሦስቱም እሺ አይደሉም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሌሊት ያመሸነው። የኢቫንጀሊካል ስብከት ሁለት ምሰሶዎች አሉት፤ ሰው የሚድነው በጸጋ ነው፤ ሰው ከመንፈስ ዳግም መወለድ አለበት። አሁን እነዚህን ሁለት ነገሮች በ1830 ጎንደር ላይ ቁጭ ብላችሁ ባማርኛ ተናገሩ። ጸጋ! ልደት! አንደኛው የአንድ ወገን መጠሪያ ነው። ሁለተኛው የዚያው ወገን ዓርማ ነው፤ ጸጋዎች «ሦስት ልደት» የሚባሉትም ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ የተወለደበትን ሦስተኛ ልደት ስለሚቆጥሩ ነው። ይህ ወገን ዋናው መሠረቱ የደብረ ሊባኖስ ነው፤ እጨጌው ደግሞ በደብረ ሊባኖስ ወንበር የተቀመጡ ናቸው። እንግዲህ አንድ ፈረንጅ ከእጨጌው ዘንድ ይመላለሳል፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ጸጋ ይላል፣ ልደት ይላል፣ መንፈስ ቅዱስ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ «እኔ ከየትኛውም ወገን አይደለሁም» ይላል። ካራው ደብተራ ይህን ሰምቶ ምን ይበል? ዝም ነዋ! በልቡ ግን ሰውየውን መዝግቦታል።

ይህ የኛ ግምት መሆኑን አንክድም። መጽሐፉ የተጻፈው በኤውሮጳ ቋንቋ ስለሆነ ጎባት በትክክል የትኛውን የአማርኛ ቃል እንደ ተጠቀመ ከገጹ ላይ አይነበብም። ግን ሌላ ምን ቃል ነበረው? አማርኛው ያቀበለው ቃል ያው ነው። እያንዳንዱ ቃል ደግሞ በዚያ ከተማ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ነው። ጎባት ከወገኖቹ ክርክር በላይ ቆሜያለሁ ሲል በእግሩ ሥር ያለው መሬት የክርክሩ ሜዳ ነበር። እሱ ሰሙን ይሰማል፤ ወርቁ ግን አልፎት ይሄዳል። ክርክሩ በጉባኤ የተዘጋው በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ጎባት ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው።

ሦስተኛው ጓደኛችን በዚህ አይስማማም። «እናንተ ለደብተራው ብልጠት ሰጣችሁት፣ ቅንነት ግን ከለከላችሁት» ይለናል። ከነዚያ እንግዶች መካከል እውነት ፈልጎ የመጣ፣ የሰማው ነገር ሆዱን የነካው አንድ ሰው እንኳ አይኖርም ወይ? ዝምታ ሁሉ ዘዴ ነው ማለት ጎባት ዝምታን ሁሉ ድል ነው ካለው በምን ይሻላል? መልስ አልሰጠነውም። ክርክሩን እዚህ ያስገባነው ትክክል ሊሆን ስለሚችል ነው።

የመጽሐፉ ድምፅ የሚለወጠው ከጎንደር ሲወጣ ነው። በ1830 መጨረሻ ላይ ኩግለር ጠመንጃ እጁ ላይ ፈንድቶ ቆሰለና ሞተ። በየካቲት 1831 ደጃዝማች ሰባጋድስ በደብረ ዓባይ ተሸነፉ፤ የየጁው ራስ ማርዬ በጦርነቱ ስለሞቱ ሰባጋድስም ተገደሉ። ትግራይ ታመሰች። ጎባት ደብረ ዳሞ ተጠጋ፤ ያን በገመድ የሚወጣ ገዳም። ወዳጁ ሞቷል፣ ጠባቂው ተገድለዋል፣ ገንዘብ የለም፣ መውጫ የለም። እዚህ ላይ የሚመልሰው ሰው ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ድል የሚባል ነገር ከገጹ ይጠፋል። በኛ አስተያየት ጎባት ጸሐፊ የሆነው በነዚህ ወራት ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም፤ ብዕሩም እንደማያውቅ ሰው ብዕር ነው የሚሄደው።

ወደ ኤውሮጳ ተመልሶ መጽሐፉን አሳተመ፤ አገባ፤ በ1835 ከሚስቱና ካርል ኢዘንበርግ ከተባለ ጓደኛው ጋር ተመለሰ። ይህ ሁለተኛው ጉዞ ባጭሩ የሕመም ታሪክ ነው። ዓድዋ ላይ አልጋ ይዞ ከረመና በ1836 ወጣ፤ ኢትዮጵያን ዳግም አላያትም። የቀሩት እነኢዘንበርግ በ1838 በደጃዝማች ውቤ ከዓድዋ ተባረሩ። ኢዘንበርግ የጎባት ትዕግሥት አልነበረውም፤ ፊት ለፊት ተናጋሪ ነበር። ነገር ግን በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ሰዋስው አሳትሞ የሄደው ይኸው ደረቁ ሰው ነው። መልካሙ ሰሚ የቃላችንን ፍቺ አልተወልንም፤ ክፉው ሰሚ ተወልን። ምን ይባላል!

ከዚህ በኋላ ያለው ጎባት ሌላ ሰው ነው ለማለት ይዳዳናል። እንግሊዝና ፕሩሲያ በ1841 ተስማምተው ኢየሩሳሌም ላይ የጋራ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ወንበር አቁመው ነበር፤ ጳጳሱን ተራ በተራ ይመርጣሉ። ነገሩ በእንግሊዝ ራሱ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ጆን ሄንሪ ኒውማን በ1845 ወደ ካቶሊክ እንዲሻገር ከገፉት ነገሮች አንዱ ይህ ወንበር እንደነበረ ኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ተናግሯል። የመጀመሪያው ጳጳስ በ1845 ሲሞት ተራው የፕሩሲያ ንጉሥ ነበርና ፍሬድሪክ ቪልሄልም አራተኛ ጎባትን መረጠ። በ1846 ተሾመ።

እንግዲህ በጎንደር «ከየትኛውም ወገን አይደለሁም» ያለው ሰው ወንበር ያዘ። ወንበር ደግሞ ወገን ነው። በፍልስጥኤም ትምህርት ቤቶች ከፈተ፤ በ1847 በጽዮን ተራራ የጀመረው ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራ ነበር። በልጆቹ ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፤ ያነበበው ወላጅ ከግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ጳጳሱ ይመጣል። ጎባት ሰው ለመንጠቅ አልመጣሁም፣ የመጣውን ግን አልመልስም የሚል መልስ ነበረው። በ1853 አንድ ሺህ ያህል የእንግሊዝ ካህናት የራሳቸውን ጳጳስ በመቃወም ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በፊርማቸው ተቃውሞ ጻፉ። ሊቃነ ጳጳሳቱ ለጎባት ቆሙለት። በ1871 ሁለት ዐረቦችን ለክህነት ሾመ። ይህን ሁሉ የምንቆጥረው ሰውየው ክፉ ሆነ ለማለት አይደለም። ጎንደር ላይ የሚጠይቀው ሰው ኢየሩሳሌም ላይ የሚጠየቅ ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው። የሚጠየቅ ሰው ደግሞ የሚጽፈው የዕለት ማስታወሻ ሳይሆን ሪፖርትና መከላከያ ነው።

ፍርዳችን እንዳይከብድ አንድ ነገር እንጨምር። በ1838 ወረርሽኝ በኢየሩሳሌም ያሉትን መነኮሳቶቻችንን ሊጨርሳቸው ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ በኋላ በዴር ሱልጣን ገዳም ላይ ከግብፃውያን ጋር የተነሣው ጠብ ሲጠና፣ የቁልፉ ነገር ሲያወዛግብ፣ እነዚያ ድሆች መነኮሳት የሚሄዱት ወደ ማን ነው? ወደ ጎባትና ወደ እንግሊዙ ቆንስል ጄምስ ፊን። አማርኛ የሚሰማ ጳጳስ በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው። የፈለገውን ሃይማኖት ይያዝ፣ እዚህ ላይ የጎንደሩ ጆሮ ገና እንዳልደነቆረ እናያለን።

አሁን ሁሉም ወደሚያውቀው ነገር ደረስን። ጎባት ከኢዘንበርግ መባረር አንድ ትምህርት ወስዶ ነበር፤ ካህን ከላክህ ክርክር ይነሣል፣ ክርክር ከተነሣ መባረር ይመጣል። ስለዚህ ካህን ሳይሆን የእጅ ባለሙያ ይሂድ፤ አናጢ፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ። በእጁ ይብላ፣ ከማንም ጋር አይከራከር፣ መጽሐፍ ያድል። ሐሳቡ ከመልካም ልብ የወጣ ነው፤ ባዝል አጠገብ ባለው የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችም ተገኙ። በ1855 ክራፕፍና ፍላድ ቀድመው መጥተው አፄ ቴዎድሮስን አነጋገሩ። ንጉሡ ባለሙያ ሲባሉ ደስ አላቸው፤ ፈቀዱ። በ1856 የመጀመሪያዎቹ ገቡ፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር ኋላ ተጨመሩ፤ ሁለቱም የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ሕፃንም ያውቀዋል። ጋፋት፣ ምድጃ፣ መድፍ፣ ሴባስቶፖል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት፣ ወንጌል ሊያድሉ በመጡ እጆች ተቀለጠ፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ብዙ ጊዜ ይህ እንደ ቀልድ ይወራል። እኛ ግን ከመጽሐፉ ቀጥለን ስናነበው ያው የጎንደር ዝምታ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው የታየን። ጎባት «የእጅ ባለሙያ» ብሎ ላከ፤ ቴዎድሮስ «የእጅ ባለሙያ» ብለው ተቀበሉ። ቃሉ አንድ ነው። አንዱ ማረሻ ያስባል፣ አንዱ መድፍ። ንጉሡ አልዋሹም፤ የፈለጉትን ከመጀመሪያው ተናግረዋል። ደጃዝማች ሰባጋድስም ከዚያ በፊት ወደ እንግሊዝ የላኩት ለስብከት አልነበረም። አገሩ ለሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ሲጠይቅ ነበር። በጎንደር የሰዎችን ጥያቄ እንዲያ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ እንዴት ሳይሰማው ቀረ? ወይስ ሰምቶ ዋጋው ነው ብሎ ቆጠረው? እዚህ ላይ ሦስታችንም ሦስት ቦታ ነን። መጨረሻው በ1868 መጣ፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ የቀሩት ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ። ጎባት በዚያን ጊዜ ሰባ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር፤ በግንቦት 1879 ኢየሩሳሌም ላይ ሞተ።

ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ በአብዛኛው በራሱ ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ የሕይወት ታሪኩ ታተመ። የእንግሊዝኛውን መቅድም የጻፈው የሻፍትስበሪው መስፍን ነው። አክብሮት የተሞላ መጽሐፍ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ጎንደርም ደብረ ዳሞም እንደገና ይመጣሉ፤ ግን ወደ ጳጳስነት የሚያደርሱ ደረጃዎች ሆነው። በ1834ቱ መጽሐፍ ውስጥ የፈራ ሰው አለ፤ በዚህኛው ፍርሃቱ ትዝታ ሆኗል፣ ትዝታውም ምስጋና ሆኗል። እንዲያው የኛን ገድላት አስታወሰን፤ ጻድቁ ገና ሲወለድ መጨረሻው የታወቀ ነው። ኢቫንጀሊካሎች ገድል አይወዱም ይባላል፤ ሲጽፉት ግን ያውቁበታል። አንድ መጽሐፍ ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይተወውና የ1834ቱን ይያዝ። እሱንም ከመጀመሪያው ባይጀምር ግድ የለም፤ ከጎንደሩ ጭውውት ይጀምር፣ በሰለቸው ጊዜ ወደ ደብረ ዳሞ ይዝለል፣ ከዚያ ይመለስ።

ለማንኛውም ያልናቸውን ሦስት ገጾች ትርጉም በሚቀጥለው ቁጥር ለማውጣት አስበናል። ጓደኛችን የሣቀበትን የደብተራውን መልስ ሦስት ጊዜ አርመነዋል፤ አሁንም ጥምጥሙ ይታያል። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣችሁ ልጆች ማታ ማታ በንባብ ክፍሉ የመስኮት ጥግ አለንና ብቅ በሉ። በተለይ «ጸጋ» የሚለውን ቃል ለመተው ወይስ ለማስገባት እስካሁን አልወሰንም።